ዜና ዘቡርሀን፦ «አንላይክሊ» የተባለውን ቃል ተቀምጦ ድል እንደ ነሣ

እምቦጭ በጣና ላይ በነገሠ በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ጥር፣ ጀልባ ሠሪው ቡርሀን፣ አቡሃ ለሐፍሳ፣ እንጨት ገሪው፣ ማዕበል የማያስደነግጠው፣ በልጁ ሠርግ ዋዜማ የፈጸመውን ገድል እንጽፋለን፤ ብናጋንንም ጥቂት ነው።

ሐፍሳ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ በሠርግሽ ቀን በገዛ እጄ በሠራሁት ጀልባ ጎርጎራ አደርስሻለሁ ብሎ ምሎላት ነበርና፣ ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን ማክሰኞ ዕለት ሞተሩን ቢያስነሣ፣ አምባር የምታህል አንዲት የጎማ ቀለበት ተበጥሳ ሞተሩ ውኃ ተፍቶ ዝም አለ። ቀለበቷም በባሕር ዳር ስለ ታጣች፣ እጀ ዘይቱ መካኒክ ሣህሉ ወደ አዲስ አበባ፣ ለዕቃ ሻጩ መልእክት ሰደደ። ሐሙስ ረፋድ ላይ መልስ በእንግሊዝኛ መጣ፤ ዕቃው እስከ ዓርብ መድረሱ «አንላይክሊ» ነው ይላል። ይህም በእኛ አጻጻፍ ስድስት ፊደል ብቻ ያለው ቃል የባሕሩን ዳር ሁሉ አሸበረ።

ያን ጊዜ የቡርሀን ታናሽ ወንድም ነስረዲን፣ ምላሰ ፈጣኑ፣ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ቆሞ አዋጅ ነገረ፦ «ስማ! ያልሰማህ ከሰማው ጠይቅ! ይህ የይሉኝታ እምቢታ ነው። እኛስ በሬ አውሱን ሲሉን ‹እስኪ ይታያል› እንል የለም? ሻጩ ሰውዬ ዕቃው አይመጣም ማለት አፍሮ ነው። ሙሽራዋ በጎንደር ዞራ በመኪና ትሂድ፤ ሚኒባስ አናግሬአለሁ!» የአገሩ ሰው ሁሉ «ይታያል» ተብሎ የታየ ነገር አያውቅምና አመነው። ቡርሀን ግን ለልጁ ምን ብሎ እንደሚነግራት ጨነቀው፤ ምሳም አልበላ።

ወእምዝ ጎረቤቱ ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ጠመኔ ያሸበታቸው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው መልእክቱን ካነበቡ በኋላ እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «እናንት የውኃ ዳር ሰዎች! ይህ ቃል ይሉኝታ አያውቅም፤ ሚዛን ነው። ከዐሥር ጊዜ ስምንቱን ይቀራል፣ ሁለቱን ግን ይመጣል ማለት ነው። ፈጽሞ ለማይሆነውማ ሌላ ቃል አላቸው። በጥር ዝናብ ይዘንባል ወይ ብትሏቸው ይህንኑ ይሏችኋል፤ እንግዲህ በርበሬአችሁን አስጡ፣ ከደጅ ግን አትራቁ!» ቡርሀንም ቀና ብሎ «ሰማሁ! ስምንቱን ለነስረዲን ሰጠሁት፤ ሁለቷን እኔው እጠብቃታለሁ፣ ኢንሻአላህ!» ብሎ ዐወጀ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ወደ መናኸሪያው ዕቃ መቀበያ ዘመተ፤ የተከተለውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ሣህሉ ከነመፍቻው፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከነጃንጥላቸውና ከነዱካቸው፣ እንዲሁም ነስረዲን፣ መቅረቷን በዓይኑ ሊያይ። የፊተኛው አውቶቡስ መጣ፤ የልብስ ጆንያ እንጂ ቀለበት አልያዘም። ሁለተኛውም መጣ፤ ፍራሽ ነበረ። ለጁምዓ ሶላት ወንድማማቾቹ መስጊድ ሲሄዱ፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ የቡርሀንን ወረፋ በዱካቸው ተቀምጠው ጠበቁለት፤ ሊቀድም የሞከረውንም ሁሉ በዓይናቸው መለሱት። ዐሥር ሰዓት ላይ ሦስተኛው አውቶቡስ ገባና ቡርሀን ተብሎ ተጠራ። ፖስታውን ተቀብሎ ሳይከፍት በጣቱ ዳሰሰው፤ ውስጡ ያለችው ነገር ክብ ነበረች። ከሁሉ ቀድሞ የጨፈረው ነስረዲን ነው፤ ሚኒባሱንም እየሣቀ ሰረዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ኒካሁ በሙሽራው ወኪል በኩል ታስሮ፣ ሞተሩም ጤነኛ ሆኖ፣ ሐይቁን አቋርጠው ከቀትር በኋላ ጎርጎራ ደረሱ። ሐፍሳም ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆማ ዐወጀች፦ «የጎርጎራ ሰዎች፣ ስሙኝ! በሰው ጀልባ አልመጣሁም። የመጣሁት አባቴ በጠረበው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጠበቀልኝ ነው። እንዲህ የሚጠብቅ ባል ካለኝ ይውጣና ይቀበለኝ!» ሙሽራውም ጫማውን ሳያወልቅ እስከ ጉልበቱ ውኃ ገባ።

ቡርሀን ያን ጊዜ ገባው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጀልባው ሲጨነቅ፣ ጀልባው ልጁን ይዞበት እንደሚሄድ አላሰበውም ነበር። እንግዲህ ክብር ለቡርሀን፣ ከመቀመጫው ሳይነሣ ለረታው፣ መሐላውን ለፈጸመው፤ ጣናን ከዳር እስከ ዳር ሲሻገር አንዲት ጠብታ ሳትነካው፣ ሲመለስ ግን ፊቱ ርሶ ለተመለሰው ጀግና!