ፒፓው ሳያልቅ ፊርማ የለም

ታላላቅ አገሮች በታላላቅ ግኝቶች ይታወቃሉ። አንዱ ጨረቃ ላይ ወጣ፣ ሌላው አቶም ሰነጠቀ። የእኛ ሰቆጣ ደግሞ የፒፓ ሆድ፣ ትምባሆው የሚሞላበት ጎድጓዳ፣ ስፋትና ጥልቀት ለመልካም አስተዳደር ያለውን ፋይዳ ለዓለም አበርክታለች። ዓለም እስካሁን አላመሰገነችንም። መንገዳችን ስላልተጠገነ ምስጋናው የሆነ ቦታ ተበላሽቶ ቆሞ ይሆናል።

የግኝቱ ባለቤት አቶ መንግሥቴ ናቸው፤ ስሙን የማልጠራው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ። ፒፓ ያጨሳሉ። ይቅርታ፣ አያጨሱም። ከወንበራቸው በላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ እርግጥ ጭሱ አጥቁሮት ዛሬ «ማጨስ» የምትለው ብቻ ነች የምትነበበው። እሳቸው የሚያደርጉት ማሰብ ይባላል። ሐሳብ ደግሞ የሚበስለው ትምባሆው አመድ ሲሆን ስለሆነ፣ ፒፓቸው ሳያልቅ አይፈርሙም። ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ጸሐፊያቸው ሊድያም እንደ ሌላው ቢሮ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ባለጉዳይ አትዋሽም። «ፒፓ ላይ ናቸው» ትላለች። ግልጽነት ማለት ይኼ ነው።

እማማ ወለተ ሐና ከጎረቤታችን ከዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የሚመላለሱ ባለጉዳይ ናቸው። የመንደራቸው የውሃ ፓምፕ ተበላሽቷል። መለዋወጫው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ግቢ መጋዘን ውስጥ፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተቀምጧል። የጎደለው አንድ ፊርማ ነው። እስከዚያው መንደሩ ገደል እየወረደ፣ ከፍየሎች ጋር እየተጋፋ፣ ከአንዲት ኩሬ ይቀዳል። ኩሬዋም ወደ ጭቃነት እየተሸጋገረች ነው።

«ዛሬስ አለቀላቸው ልጄ?»

«ገና መለኮሳቸው ነው እማማ።»

«ትንሿን ነው ትልቋን?»

«ትንሿን።»

«እሰይ! እንግዲያ ከምሳ በፊት አመድ ትሆናለች» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ትንሿ ፒፓ ልታልቅ ጥቂት ሲቀራት ስልክ ጮኸ። አቶ መንግሥቴ ለሥልጠና ባሕር ዳር ተጠሩ። የሥልጠናው ርእስ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ነበር። ለመቀላጠፍም እዚያው አንድ ወር ቆዩ።

ሲመለሱ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰበሰቡ። ስለ አገልግሎቱ ትዝ የሚላቸው ነገር አልነበረም፤ በሻይ ሰዓት ከአንድ ፒፓ አጫሽ ሠልጣኝ የቀሰሙት ግን ልባቸው ውስጥ ነበር።

«የተከበራችሁ ሠራተኞች! የፒፓ ሆድ ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን ጭሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ትምባሆው ግን ወዲያው ያልቃል። ጠባብና ጥልቅ ሲሆን ቀስ ብሎ ይነዳል፤ እሳቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጭሱ ይሞቃል፣ ይከብዳል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ እጅ አያቃጥልም። እኔ እስከ ዛሬ የሕዝብን ጉዳይ የወሰንኩት በጠፍጣፋ ጭስ ነበር! ለዚህም ታሪክ ይቅር ይበለኝ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ምክትላቸው አቶ ተስፋው ሁሉም ካቆመ በኋላ ብቻቸውን ቀጠሉ፤ ምክትል የሚያሰኘው ይኸው ነው።

«ክቡር ኃላፊ፣ ጥልቅ ችግር በጥልቅ ሆድ ነው የሚፈታው። የፒፓው ጥልቀት ከተቋማችን ራዕይ ጋር እንዲጣጣም ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ምን ያህል ይጥለቅ ታዲያ?»

«ራዕያችን ወሰን አለው እንዴ ክቡር ኃላፊ?»

ወሰን የሌለው ፒፓ ገበያ ላይ ስላልተገኘ ሸክላ ሠሪ ተጠራች። ልኩን በእጃቸው ሲያሳዩዋት ሳቀች።

«ይኼማ ጋን ነው ጌታው። ጠላ ይጠመቅበታል እንጂ ማን ይስበዋል?»

«አንቺ ሥሪው፤ መሳቡን ለእኛ ተይው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ፤ ሳንባው የናንተ!»

ፒፓው በአህያ ተጭኖ መጣ። በበሩ አልገባ ሲል ግቢው ውስጥ ተተከለ፤ ከሥሩ የተሰካው ረጅም ሸምበቆ በመስኮት ገብቶ ከኃላፊው ወንበር ደረሰ። አንድ ጆንያ ትምባሆ ዋጠ። ተለኮሰ። አቶ መንግሥቴ ሳቡ፤ ምንም የለም። ጉንጫቸው ከጉንጫቸው እስኪገናኝ ሳቡ፤ ምንም።

«ሐሳቡ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው» አሉ አቶ ተስፋው።

ወዲያው የመሳብ ተራ ወጣ፤ ጠዋት ፋይናንስ፣ ከሰዓት የሰው ሀብት። ከዚያ በፊት የሰው ሀብት ክፍል ሥራው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን ታወቀ። እሳቱም ያዘ።

እማማ ወለተ ሐና ጋኑን ዞረው ዞረው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ መቼ ያልቃል?»

ሊድያ ወደ ጋኑ አየች፤ ወደ ሰማይ አየች። «ለፋሲካ ይደርስ ይሆናል እማማ።»

«ለየትኛው ፋሲካ?»

ሊድያ መመሪያውን ማገላበጥ ጀመረች።

ጭሱ ግን ጭስ ነበር! በጎረቤት ወረዳ በደሃና በኩል ገበሬው ደመና መስሎት ገብሱን ካውድማ ሰብስቦ ሸሸ። በአበርገሌ ፍየሎች አነጠሱ። ይህን የነገረኝ የታመነ ሰው ነው፤ ስሙን ረሳሁት እንጂ። የሰቆጣ ሰው ደግሞ «መሥሪያ ቤቱ ነደደ!» ብሎ ጮኸ። እዚህ ላይ ተአምር ተሠራ፤ ለዝቋላ ሲለመን ጎማም ነዳጅም ሹፌርም ያልነበረው የውሃ ቦቴ፣ ጎማው ተነፍቶ፣ ነዳጁ ተሞልቶ፣ ሹፌሩ አብዱሰመድ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ጡሩምባውን እየነፋ ግቢው ውስጥ ገባ።

«እሳቱ የታል?»

«እሳት አይደለም» አሉ አቶ ተስፋው። «ሐሳብ ነው።»

«ወላሂ እኔ ሐሳብ አላጠፋም! የታዘዝኩት ጭስ ባለበት ውሃ እንዳፈስ ነው። ሳላፈስ ብመለስ ነዳጅ አባከንክ ተብዬ ልጠየቅ ነው።»

«እዚህ ጠብታ እንዳታፈስ! ተቋሙ ይጠፋል!»

እማማ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«አብዱሰመድ ልጄ፣ ትእዛዙ ጭስ ባለበት አፍስስ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ጭሱ ዝቋላ ቢሆንስ?»

አብዱሰመድ ጢሙን አሻሸ። «ዝቋላ አፈሳለኋ!»

«በል ጋኑን ጫነው።»

አቶ ተስፋው መንገድ ዘጉ። እማማ ዝቅ ብለው እጅ ነሷቸው። «የኔ ጌታ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢሮ ተዘግቶበት ይቅር? ወደ ታች ወርዶ ሕዝቡ አይየው?» ወደ ታች ማውረድ የሚባለውን ነገር ምክትል ኃላፊ ሰምቶ እንቢ ማለት አይችልም። መውጫ ፈቃዱን ራሳቸው ጻፉ፤ ጋኑንም ገፍተው ቦቴው ላይ አስጫኑ።

ሸምበቆው ከጋኑ ሲነቀል አቶ መንግሥቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በባዶው ሸምበቆ ንጹሕ አየር ሳቡ።

«አሁን ገና ቀዘቀዘ!» አሉ በተመስጦ። «ጥልቀት ማለት ይኼ ነው!»

የዝቋላ መንገድ ንፋስ ከሰው ሀብት ክፍል የተሻለ ሳበው። መኪናው መንገዱ እስከሚያደርሰው ደረሰ፤ መንደርተኛው ከፊት ጭስ ከኋላ ውሃ ሲመጣ አይቶ አማተበ። ጄሪካኑ፣ እንስራው፣ ቅሉ ሁሉ ሞላ፤ ፍየሎቹም ጠጡ። በመጨረሻ አብዱሰመድ ትእዛዝ አክባሪ ስለሆነ አንዲት ጣሳ ውሃ ጋኑ ላይ ደፋበት። ችስ አለ ጋኑ፤ እሳቱ ጠፋ።

ወሬው ሰቆጣ ሲደርስ ሊድያ የፓምፑን ወረቀት ይዛ ሮጠች። «ፒፓው ጠፋ ክቡር ኃላፊ! ይፈርሙልኝ!»

«ጠፋ እንጂ አለቀ?» አሉ አቶ መንግሥቴ፣ ሸምበቆውን ከአፋቸው ሳያወጡ። «ግማሽ ጆንያ ያልነደደ ሐሳብ ሆዱ ውስጥ እያለ እኔ ልፈርም? አሠራር አለ እኮ!»

ለበላይ የተላከው ሪፖርት ግን አማረ። «ጥልቅ ሆድ ባለው ፒፓ የውሃ ተደራሽነትን ማረጋገጥ» ይላል ርእሱ። አቶ መንግሥቴ ተሸለሙ። አቶ ተስፋው አጨበጨቡ፤ አሁንም እያጨበጨቡ ይመስለኛል።

ሰንበት ብሎ እማማ ወለተ ሐና ባዶውን ጋን በአህያ ጭነው ከተፍ አሉ። ሊድያ ከሩቅ አይታቸው ደነገጠች።

«እማማ፣ ለፓምፑ ፊርማ ነው? ገና ፒፓ ላይ...»

«ፊርማው ይቆይ ልጄ» አሉ፣ ጋኑን እያወረዱ። «ውሃችን አልቋል፤ ትምባሆ ሙሉልኝ።»