እንባ የማይታይበት ሽኝት

ሰው ካሜራ ሲያይ ለምን እንደ ችካል እንደሚደርቅ ገብቶኝ አያውቅም። ደባርቅ ካለችው ፎቶ ቤቴ የገባ ሁሉ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ለፍርድ የቀረበ መስሎ ነው የሚነሳው። እኔን ደግሞ የሚያምረኝ መንገደኛ ሲሄድ፣ በቅሎ ስትሰግር የሚያሳይ ፎቶ ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ የካሜራውን ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፤ የሚሄደውን ተከትላችሁ አብራችሁት እየዞራችሁ፣ ሳትቆሙ ትጫናላችሁ። የተከተላችሁት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የቆመው ሁሉ ተስቦ መስመር ይሆናል። ይህን ለመልመድ ስንት ፊልም አቃጠልኩ!

በደርግ ጊዜ፣ ልጆች ለውትድርና በሚታፈሱበት ሰሞን፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አስጠሩኝና ዘማቾች በደስታ ሲሸኙ አንሳ አሉኝ። ደስታውን ከየት እንደማመጣው አልነገሩኝም። ልጆቹን የጫነው መኪና ወደ ጎንደር ሲነሳ፣ ከዳባትና ከጊች በእግራቸው የመጡ እናቶች ዳር ቆመው ነጠላቸውን ነክሰው ያለቅሳሉ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል፤ እኔ ከሚልሱት ወገን ነበርኩ። ያሰብኩት ዘዴዬን ብቻ ነው። መኪናውን ተከትዬ ዞርኩና ተጫንኩ።

ፊልሙን አጥቤ ሳወጣ ልጆቹ ጥርት ብለዋል፤ እናቶቹ ነጫጭ መስመር ሆነዋል። ሊቀ መንበሩ አዩና «እንባ የለበትም፤ ጎበዝ» ብለው ቀበሌው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እንደዚያ ሙገሳ ያንገበገበኝ ስድብ የለም። ያን ሁሉ እናት በገዛ እጄ ደምስሼ ኖሯል! ይውረድልኝ ብላቸው፣ «ማን ጎደለበት፣ ጓድ?» አሉኝ።

በሳምንቱ የዳባቷ ሽንኩርት ነጋዴ እማማ የሻረግ መጡ። ልጃቸው አዱኛ መኪናው ላይ ነበር፤ ፎቶውን ቀበሌ ገብተው አይተውታል። እኔ ቂል ስለ ካሜራ ፍጥነት ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ ልጇ ለታፈሰባት እናት! አስጨርሰው ሰሙኝ።

«ልጄ ወዴት እንደሚያይ አይተሃል?»

አላየሁም ነበር። ለራሴ ያስቀረሁትን ቅጂ ከደብተሬ ውስጥ አውጥቼ አየሁ። የአዱኛ ዓይን ከመኪናው ውጭ አንዲት ነጭ መስመር ላይ ተተክሏል። ጣታቸውን አሳረፉባት።

«ይቺ እኔ ነኝ። አትምልኝ።»

አተምኩላቸው። ወሬው ሳይውል ሳያድር ተዳረሰና፣ በቀጣዩ የገበያ ቀን እናቶች ከያሉበት እየመጡ የየራሳቸውን መስመር በጣት እያሳዩ ፎቶውን ወሰዱ። ሁለቱ ግን ባንዲት መስመር ተጣሉና ዳኛ አደረጉኝ። ፊታቸውን ያጠፋሁት እኔ፣ እንደገና ልፈርድባቸው? ሁለት አተምኩና ለየብቻ ጠርቼ፣ ለአንዷም ለሌላዋም «እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።