ወራሹና እትዬ ብያለሁ

ድራማ የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ያያል፣ ሌላው ቀድሞ ይናገራል። ሁለተኛው ዓይነት ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። መብራት ሳይገባ፣ ውኃ ሳይመጣ እሱ ይመጣል። እናንተ ትንፋሻችሁን ውጣችሁ፣ የጌታው ልጅ ሠራተኛዋን ያገባት ይሆን ወይስ ያቺ መርዘኛ እናቱ ታሸንፍ ይሆን ብላችሁ ስትጨነቁ፣ እሱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «አያገባትም፤ ገና ትታመማለች» ይላል። ትታመማለችም።

በእኛ ሕንፃ ይህ ሹመት የክብርት እትዬ ብያለሁ ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን ከአከራያችን በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው «ብያለሁ!» ስለሚሉ ስሙ በዚያው ጸና። ቁመታቸው አጭር ነው፤ እጃቸው ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስላል፤ ትልቅ፣ ጣቶቹ ከውኃ ዛሬ የወጡ ያህል የተጨማደዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልብስ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ነው የኖሩት። ቴሌቪዥናቸው ያረጀ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ጎረቤቱ ግን የራሱን ትልቅ ቴሌቪዥን አጥፍቶ እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባል።

የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የድሮ ዘመን ፍቅር። ሰረገላ፣ ጓንት፣ ረጅም የድንጋይ ደረጃ፣ ከላይ ሀብታም፣ ከታች ደሃ፣ መሐል ላይ ፍቅር። ዜና ሲጀምር ያጠፉታል። «ዜና መጨረሻ የለውም» ይላሉ። «መጨረሻ የሌለው ነገር ደግሞ ልብ ያደርቃል።»

እኔ ከእሳቸው በላይ ነው የምኖረው፤ የእኔ ወለል የእሳቸው ጣሪያ ነው። እንጀራዬ ደግሞ ድምፅ ነው። በሩቅ አገር፣ በሌላ ቋንቋ የተሠራ ድራማ ወደ ስቱዲዮአችን ይመጣል፤ ግድግዳው በምንጣፍ በተለበደ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ቆመን፣ ጆሮአችን ላይ ማዳመጫ ደፍተን፣ በሰው ከንፈር ላይ የራሳችንን አፍ እንገጥማለን። በዚያ ዓመት እኔ ወራሹን ነበርኩ፤ ልብስ አጣቢዋን የሚወደውን የትልቁ ቤት የበኩር ልጅ።

ለእትዬ ብያለሁ ግን ድምፅ ሰጪ ብሎ ነገር የለም። ወራሹ እኔ ነኝ፣ አለቀ። አንድ ቀን ዳቦ ይዤ ደረጃውን ስወጣ መንገድ ዘጉብኝ።

«አንተ ወራዳ!»

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ልጅቷን ዝናብ ላይ ገትረሃት ትሄዳለህ? እናትህን ፈርተህ? ሱሪ ታጥቄያለሁ ትላለህ አንተ?»

«እኔ እኮ ድምፁን ብቻ ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ የሚያታልለው ድምፅ አይደለም? በመልክ የተታለለች ሴት እስካሁን አላየሁም።»

ጎረቤት ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ሦስተኛ ፎቋ አስተማሪ እየዞሩ «አያችሁት፣ ሲስቅ? እንዲህ ሲስቅ ነው የምትጠፋው ሴቲቱ» ሲሉም ሳቅን።

ሳቄ የቀዘቀዘው በአንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው። ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ ያ የተለመደ ቁጣ አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ «ነገ ደግሞ ‘መልስሽን ሳልሰማ ከዚህ በር አልነቃነቅም’ ትላታለህ» አሉኝ። «ውሸትህን ነው አልልም።» ገብተው ዘጉ።

በማግስቱ ስቱዲዮ ስገባ ተርጓሚያችን አዲሱን ክፍል ሰጠኝ። ወራሹ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በር ውጭ ቆሟል፤ ልጅቷ ውስጥ ናት፤ በሩ ተዘግቷል። የእኔን ቃል አነበብኩት፦ «መልስሽን ሳልሰማ ከዚህ በር አልነቃነቅም።»

«ይህን ለማን አሳየህ?» አልኩት ተርጓሚውን።

«ለማን አሳየዋለሁ? አሁን አውቶቡስ ውስጥ ነው የጨረስኩት።» ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርህ፣ በተሠራበት ቋንቋ እንዲህ አይልም። ‘እጠብቅሻለሁ’ ብቻ ነው የሚለው። ይኼኛው ዝም ብሎ አፌ ላይ መጣ።»

ያን ቀን ማይኩ ፊት ቆሜ ያንኑ ቃል አልኩት። የድምፅ ባለሙያው በመስታወቱ ወዲያ ሆኖ አውራ ጣቱን አነሣልኝ፤ «በጣም ጥሩ፤ የፈራህ ነው የሚመስለው» አለኝ። መፍራቴንስ ፈርቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተደጋገመ። እትዬ ይናገራሉ፣ ወረቀቱ ይከተላል። ምናልባት ቤቴ ስለማመድ ወለሉ አሳልፎ ያሰማቸዋል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን ሰው የሚለማመደው የደረሰውን ወረቀት ነው፤ እሳቸው የሚነግሩኝ ያልተጻፈውን ነው። ቢሆንም ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማንበብ አቆምኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ትናንት ምን ነክቶህ ነው? ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ነገር ስትደጋግም ዋልክ። አሳዘንከኝ።»

«ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ስቱዲዮ ነበርኩ፣ እትዬ። ቤቴ ሰው አልነበረም።»

ቀና ብለው የእኔን በር ተመለከቱ። ቀጥሎ እኔን። ያን ዕለት «ብያለሁ» አላሉም።

«እንግዲያስ» አሉ፣ «የመጣው እሱ ነዋ።»

ጉድ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የራሴን ድራማ ይዤ እየተንከራተትኩ ነበር። አጣቢዋን በድምፅ የምትጫወተው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ማይክ ፊት ስንቆም እኔ ጌታዋ፣ እሷ ምስኪን። ከስቱዲዮው በር ስንወጣ ግን እሷን ሾፌር በመኪና ይጠብቃታል፤ እኔን ደግሞ አፉን የከፈተ ጫማዬ። ትልቅ ቤት የተወለደች፣ ሥራውን ደስ ስላላት ብቻ የምትሠራ ልጅ ናት። እወዳታለሁ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለእሷም ቢሆን ስክሪፕት ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የነገርኳት። እሷ ግን አንድ ቀን ማዳመጫዋን አውልቃ፣ «ይህን ሁሉ የምትለው ለእሷ ነው ወይስ ለእኔ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለአንቺ» ለማለት በቃሁ።

ቤቴ ስመለስ እትዬ በራቸው ላይ ነበሩ።

«ተገላብጦባችኋል እኮ» አሉኝ።

«ምኑ ነው የተገላበጠው?»

«እሷ ናት እመቤቷ። አጣቢው አንተ ነህ።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የልጅቷ እናት ሊያዩኝ እንደሚፈልጉ፣ ከቤተሰቤም አንድ ሰው ይዤ እንድሄድ መልእክት መጣ። እኔ ቤተሰብ የለኝም፤ እናቴን የማውቃት በፎቶ ነው፣ ያሳደገችኝ አክስቴም አርፋለች። ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ፣ በዚህ ዓለም ላይ ተሳሳትክ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ወደ ታች ወረድኩና አንኳኳሁ።

ነገሩን ሁሉ ሰሙኝ። «ቤታቸው የት ነው?» አሉ። አሮጌው ሰፈር፣ ጥቁር የብረት በር ያለው፣ ደጁ ላይ ትልቅ ዛፍ የቆመበት ቤት ነው አልኳቸው።

«ከኋላ የልብስ ማጠቢያ ቤት ያለው» አሉ።

እሱን አልነገርኳቸውም ነበር። እኔም አላውቀውም።

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አወሩኝ። ልጅ እያሉ በዚያ ቤት ልብስ ያጥቡ ነበር። የቤቱ የበኩር ልጅ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ ከማጠቢያው በር ውጭ ቆሞ ያነጋግራቸዋል። እሳቸው ከውስጥ ዝም። «የጌታ ልጅ ቃል የሳሙና አረፋ ነው ብላኛለች እናቴ» አሉ። «ያምራል፣ ስትነኪው የለም።» አንድ ቀን ዝናብ ላይ ቆሞ፣ መልስሽን ሳልሰማ ከዚህ በር አልነቃነቅም አላቸው። እሳቸው ፈርተው በጓሮ በኩል ወጥተው ሄዱ፤ በማግስቱም ወደ ሥራ አልተመለሱም። ልጁ ግን ቆሞ ሲጠብቅ ቆየ። ብርድ መታው፤ ትኩሳቱም አልለቀቀውም። መሞቱን የሰሙት ከገበያ ነው።

«አንተ ከላይ ስትገባ» አሉኝ፣ «ዕቃህን እያወጣህ ተሸካሚዎቹን ‘ቀስ በሉ’ ስትል ሰማሁህ። ካውያው ከእጄ ወደቀ። የእሱ ድምፅ ነው ያለህ።»

ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

በቀጠሮው ከሰዓት፣ ግራጫ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በጥብቅ አስረው ወጡ። ጥቁሩ በር ሲከፈት እግራቸው በራሱ ወደ ጎን፣ ወደ ሠራተኛ መግቢያው ታጠፈ። እጃቸውን ያዝኩ። ትኩስ ነበር። በፊት ለፊቱ ደረጃ ይዣቸው ወጣሁ።

የልጅቷ እናት ረጅም፣ ቁጥብ፣ ሳይቆጡ የሚያስፈሩ ሴት ናቸው። ሻይ ቀረበ፣ ኬክ ቀረበ። ወሬው እንደ አዲስ ጫማ ጠበበን። ልጅቷ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ በዓይኗ ታበረታታኛለች። እኔ ለመልስ እንዳልቸኩል ብዬ ትልቅ ቁራሽ ኬክ ጎረስኩ።

እትዬ ተነሡ። «እጄን ልታጠብ» አሉ።

«ሠራተኛዋ ታሳይዎት...» ብለው እመቤቲቱ ሳይጨርሱ እሳቸው ሄደዋል። ማንንም ሳይጠይቁ፣ በረጅሙ ኮሪደር ቀጥ ብለው፣ ወደ ኋላው።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉ እመቤቲቱ ግራ ገብቷቸው። «በዚያ በኩል ያለው የድሮው ማጠቢያ ቤት ነው። ውኃው ከተቆረጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሠራተኞቹም በዚያ ማለፍ አይወዱም።»

ለምን እንደማይወዱ አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም፤ በዚያው ቅጽበት ከኮሪደሩ ማዶ የሰው ድምፅ መጣ። ወንድ ነው። ቀስ ብሎ፣ ልመና በተቀላቀለበት አነጋገር፣ «ነይ እንግዲህ፣ ምን ትያለሽ?» አለ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ስንት ወር ሙሉ በማዳመጫ የሰማችው ድምፅ ነው፤ ከሺህ ሰው ድምፅ መሐል ትለየዋለች። የእኔ ድምፅ ነበር። እኔ ደግሞ ጉንጬ ሙሉ ኬክ ይዤ፣ አፌ ተዘግቶ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ።

ቀጥሎ የሴት ድምፅ መለሰ። የአሮጊት ድምፅ አልነበረም። የወጣት ልጅ፣ የሚያፍር፣ አጭር ድምፅ። ቃሉን ማናችንም አልያዝነውም። ከዚያ የሆነ በር ተከፈተ፤ ቀዝቃዛ አየር በኮሪደሩ ነፍሶ መጋረጃውን አነሣና አለፈ። ሳሙና ሳሙና ሸተተን።

እትዬ ተመለሱ። ቀስ ብለው መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ርሶ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፊታቸው ላይ ግን ፈጽሞ አይቼው የማላውቀው ዕረፍት ነበር። የሻዩን ስኒ አንሥተው፣ አንድ ጊዜ ጠጥተው፣ «አሁን ቀጥሉ» አሉ።

እመቤቲቱ ገርጥተዋል። የእርጥቡን እጅ ጠብታ ሲያዩ ቆይተው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚባል ነገር ያጡ ይመስል፣ «ለመሆኑ... የልጁ ምኑ ነዎት?» ብለው ጠየቁ።

እትዬ ብያለሁ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት ጠፋቸው። ወደ እኔ አዩ። የሰው አፍ ሲገጥም የኖረው የእኔ አፍ ደግሞ ያን ጊዜ የተጻፈለት ቃል አልነበረውም። ኬኩን ዋጥኩ። ጎረቤቴ ናቸው ማለት እውነቱ ነበር። ዘመዴ ናቸው ማለት ደግሞ ወጉ።

«እናቴ ናት» አልኩ።

«ናት» አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ክብርቱም፣ እትዬውም፣ አንቱታውም በአንድ ቃል ረገፈ። እሷም አላረመችኝም። አገጯን ከፍ አደረገች፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ከነበርነው ሁሉ እመቤት የመሰለችው እሷ ነበረች።

«ልጄ ፈሪ ነው» አለች ለልጅቷ እናት። «ግን ጥሎ አይሄድም። ለዚህ እኔ እያለሁ አያስቡ።»

እመቤቲቱ የራሳቸውን ፎጣ አንሥተው ለእናቴ አቀበሉ፤ «እጅዎን ያድርቁ» አሉ በለሆሳስ፤ «በሚመጣው እሑድም ለምሳ ኑ፤ ሁለታችሁም።» ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘች። ዛሬ ያቺ ልጅ ባለቤቴ ናት።

በፊት ለፊቱ ደረጃ ስንወርድ እናቴ ክንዴ ላይ ተደገፈች። ስለ ማጠቢያው ቤት ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። ዓይኗን ከላይ እስከ ታች አሮጠችብኝ፣ አንገትጌዬን በሁለት እርጥብ ጣቶች ይዛ ጎተት አደረገችው፣

«ይህንን ሸሚዝ ለብሰህ ነው የሰው ቤት የገባኸው? ሳይተኮስ?» አለችኝ። «እናት የለውም እንዴ ይበሉህ!»