የመካነ ኢየሱሱ መርከበኛ

ሐኪም የሌለው ከተማ አይቻለሁ። መብራት የሌለው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ድልድዩን ጎርፍ የሚወስድበት፣ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቶ ደብዳቤ ሁለት ዓመት የታሰረበት ከተማም አይቻለሁ። መርከበኛ የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ከባሕር በራቅን ቁጥር ደግሞ የመርከበኛው እውቀት ይሰፋል። ምጽዋ ላይ ስለ መርከብ የሚያወራ ሰው ማን ይሰማዋል? መርከቡ ራሱ ቆሞ ይታያል። መርከበኛ የሚከበረው ጠያቂ በበዛበት፣ አመሳካሪ በሌለበት ደጋ ነው።

የእኛው የእስቴ መካነ ኢየሱስ መርከበኛ ክቡር አድሚራል ፈንታ ነበሩ። መናኸሪያው ጥግ ባለች የቆርቆሮ በረንዳ ሥር በከሰል ካውያ ልብስ እየተኮሱ፣ የእስቴን ባሕር ኃይል ብቻቸውን ይመሩ ነበር። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ በሰዓቱ መጥቶ ስለማያውቅ አድማጭ አያጡም። ከስማዳ በእግሩ ለመጣ፣ በዕድሜው ያየው ትልቁ ውኃ የበሽሎ ወንዝ ለሆነ ገበሬ፣ ካውያውን አንሥተው ከሰሉን እፍ ይሉና፣ «ስትሳፈር እንዳትደነግጥ» ብለው ይጀምራሉ። «ብትሳፈር» ብለው አያውቁም። የገበሬው መሳፈር በእሳቸው ዘንድ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የቀረው ድንጋጤው ብቻ ነው።

«መጀመሪያ መሰላል ትወጣለህ። ነጭ የለበሰ ሰው ስምህን ከዝርዝር አይቶ እንኳን ደህና መጣህ ይልሃል። ቁልፍ ይሰጥሃል። ክፍልህ ጠባብ ነው፤ አትቆጣ። መስኮቱ ክብ ነው። አልጋህ ላይ ሁለት አንሶላ ታገኛለህ፤ በየቀኑ ይለወጣል።»

«በየቀኑ?»

«ቆሸሸ አልቆሸሸ፣ በየቀኑ።»

«ማን ያጥበዋል?»

እዚህ ላይ ክቡርነታቸው ካውያውን ወደ ሸሚዙ ይመልሱ ነበር። «ሰው አለው» ይሉና ወደ ምግቡ ይሻገራሉ።

ምግቡ በቀን አምስት ጊዜ፣ እሱም በደወል ነው። የአፍ መጥረጊያው ጨርቅ እንደ ርግብ ክንፍ ታጥፎ ሳህኑ ላይ ይቀመጣል። ከላይ፣ ሰማዩ ሥር፣ የመዋኛ ገንዳ አለ።

«ባሕር ላይ ሆነው ደሞ ገንዳ?» አላቸው አንድ ቀን አድማሱ የሚባል አህያ ነጂ።

«ባሕሩ ለመርከቡ ነው፤ ገንዳው ለሰው።»

አድማሱ ጥቂት አሰበበትና፣ «እውነትም፣ እንዳይጋፉ ነው» አለ።

ከጋይንት ቤተ ልሔም ለጉዳይ የመጡት መሪጌታ በላይነህ ግን በዋዛ አልተሸነፉም። «ስንት ደርብ ናት ይቺ መርከብህ?»

«አሥራ አንድ፣ መሪጌታ።»

«የኖኅ መርከብ ሦስት ነበረች። ለዓለም ሁሉ በቃች።»

«የኖኅ ሰዎች ስምንት ነበሩ፣ መሪጌታ። እኛ ሁለት ሺህ ነን።»

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው፣ «ሰው ሲሞትባችሁስ?» አሉ።

«አምስት ጊዜ በልቶ ማን ይሞታል?»

እኔን ያናደደኝ «እኛ» የምትለዋ ቃል ነበረች። በወረዳው አስተዳደር የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርሁ። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ታሪክ ስማር ከሁሉ አጥብቄ የያዝሁት፣ ምንጭ የሌለው ነገር ወሬ እንጂ ታሪክ እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ የክቡርነታቸውን ወሬ በትንሽ ደብተር መዘገብሁት። ኅዳር ፲፪ መርከቡ ባለ ዘጠኝ ደርብ ነበር። ጥር ፫ አሥራ አንድ ሆነ። በሁለት ወር ሁለት ደርብ ተሠራበት ማለት ነው፤ ያውም እኛ ለትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሲሚንቶ አጥተን በቆምንበት ዓመት። የመርከቡን ስም ስጠይቃቸው፣ «በፈረንጅ አፍ ነው፤ ለአንተ ምን ያደርግልሃል» አሉኝ። ጣናን አይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ደግሞ፣ «ጣና ሳፋ ናት» አሉኝ። በደብተሬ ኅዳግ ላይ «የማይታመን» ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም በቀይ አሠመርሁበት።

በሰባ ሰባት ክፉ ቀን እስከነጭራሹ ጠላኋቸው። ከስማዳና ከታች ጋይንት የተሰደደ ሰው መናኸሪያው ላይ ተደርድሮ ሲቀመጥ፣ እሳቸው ስለ አምስቱ ማዕድ ያወሩ ነበር። ሄጄ፣ «አያፍሩም? የተራበ ሰው ፊት?» አልኋቸው። እሳቸው ሳይመልሱ አንዲት ከግድግዳው ተደግፋ የተቀመጠች ሴት፣ «ተዋቸው ልጄ» አለችኝ። «ሦስተኛው ደወል ላይ ደርሰዋል፤ ይጨርሱልን።»

ይህንንም መዘገብሁት። ከየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው ግን አላወቅሁም ነበር።

ባለቤቴ ባንቺዓለም የእስቴ ልጅ ናት። ስንጋባ ባሕር አሳይሻለሁ ብያት ነበር። መጀመሪያ ዓመት ፈቃድ ከለከሉኝ። ቀጥሎ የይለፍ ወረቀት አልተፈረመም። ቀጥሎ በጦርነቱ መንገዱ ተዘጋ። እሷ አንድም ቀን ቃልህን በላህ ብላኝ አታውቅም፤ ከገበያ ስትመለስ ግን በክቡርነታቸው በረንዳ በኩል መዞር ታበዛ ነበር።

በሰባ ስምንት መግቢያ ታመመች። ከደብረ ታቦር ሆስፒታል ሁለት ጊዜ መለሷት፤ በሁለተኛው፣ «ቤቷ ትረፍ» አሉኝ። ጸበሉም ተሞከረ። እሷ ከሕመሙ ይልቅ አንድ ነገር አስፈርቷት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ከቤቷ ወጥታ ካደረች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ደብረ ታቦር በተኛችበት ሳምንት ሁሉ ዓይኗን አልከደነችም። አንድ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «የማላውቀው ቦታ መሄድ አልወድም፣ እሸቴ» አለችኝ። የተማርሁት ሁሉ ከሞት ወዲህ ያለውን ነበር።

ክቡር አድሚራል መታመሟን ሲሰሙ ሳይጠሩ መጡ። ካውያ የጠጣ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የቀና አንሶላ በክንዳቸው ይዘው በራፉ ላይ ቆሙ። «መርከብ ላይ በየቀኑ ይለወጣል» አሉና ሰጡኝ። በማግስቱም በዘጠኝ ሰዓት መጡ። የትናንቱን ወሰዱ፣ የዛሬውን አነጠፉ፣ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ማን እያጠበው ነው፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«ሰው አለው።»

ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ክቡ መስኮት፣ ደወሉ፣ ገንዳው፣ የነፍስ አድን ጀልባው። እሷ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ይመልሳሉ። እኔ በሌላው ክፍል ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። እሳቸው በመጡ ቀን ግን ትተኛ ነበር።

መጋቢት ላይ ከበላይ አንድ መመሪያ ደረሰን። በየወረዳው ያሉ ሾፌሮች፣ ብየዳ የሚያውቁና በመርከብ ላይ የሠሩ ሰዎች ተመዝግበው ለግዳጅ እንዲላኩ ያዛል። አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። የደርቡ ምርመራ በመንግሥት ትእዛዝ ተከፈተ ማለት ነው። መላክ ራሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለግዳጅ ሄዶ የተመለሰ በመዝገቤ ላይ የለም።

ክቡርነታቸው ሳልጠራቸው ቢሮዬ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ጓድ እሸቴ፣ በሩን ልዝጋው?» አሉ።

«ይዝጉት።»

«መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

ብዕሬን አስቀመጥሁ።

«ምጽዋ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ልብስ አጥቤአለሁ። ማጠቢያ ቤቱ ከወደቡ ወዲህ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች ሲቆሙ አንሶላው በጋሪ ይመጣል፤ ታጥቦ ተተኩሶ ይመለሳል። መርከቡን በመስኮት አየዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ተሸክሜ መሰላሉ ሥር ደርሻለሁ። ነጭ የለበሰው ሰው አንሶላውን ተቀበለኝ። እኔ ተመለስሁ።»

ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጡ። ውኃ ያለሰለሰው፣ አሥራ ስድስት ገጽ ያለው። «አንድ ኮት ውስጥ አገኘሁት። ለአዲስ ተሳፋሪ የሚሰጡት ነው፤ ምን እንደሚጠብቀው ይናገራል። አብራኝ የምታጥብ የአስመራ ሴት ጣልያንኛ ታነብ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እየነገረችኝ በቃሌ ያዝሁት።»

ገለጥሁት። ነጭ የለበሰው ሰው አለ፤ ክቡ መስኮት አለ፤ የታጠፈው ጨርቅ አለ። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሰው ደወል ይመታል፤ ሸኚዎች በመሰላሉ እየወረዱ መሐረብ ያውለበልባሉ። ሽፋኑ ላይ የመርከቡን ደርብ ቆጠርሁ። ዘጠኝ ነው።

«በመርከብ ላይ ሠርቶ አያውቅም» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረሙ። ከግዳጁ ዳኑ።

«ይህ ወረቀት ከዚህ ክፍል ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«እርስዎ ግን አወቁ» አሉና ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ወጡ።

በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አልመጡም። በማግስቱም አልመጡም። አንሶላውን እኔ ለወጥሁት፤ ተጨማደደ። ባንቺዓለም በተጨማደደው ላይ እጇን ታመላልስ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ዓይኗን ሳትከድን አድራ፣ «ጋሼ ፈንታ ተቀየሙን?» አለችኝ።

እውነቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። የጨበጠችውን የአንሶላ ጠርዝ አየሁና ኮቴን ለበስሁ።

በረንዳው ላይ ካውያው ቀዝቅዞ፣ አድሚራሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አውቶቡስ ጠባቂዎች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል።

«ትጠይቅዎታለች» አልኋቸው።

«ምን ልበላት? አንተ እያወቅህ፣ በፊትህ?» ከጓድነት ወደ ልጅነት እንደመለሱኝ ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

«በፊቴ።»

«አንተ ውሸት የማትወድ ሰው።»

«አልወድም። አንሶላውን ግን መተኮስ አቃተኝ፣ ጋሼ።»

ካውያውን አነሡ። ከዚያ ከሰሉን እፍ አሉ።

በዘጠኝ ሰዓት መጡ። አነጠፉላት፤ በርጩማውን ሳቡ። እኔም በዚያ ቀን ከሌላው ክፍል ወጥቼ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

«የት ጠፉ፣ ጋሼ?»

«ባሕሩ ተናውጦ ነው» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«ሲነሣ እንዴት ነው? እሱን ነግረውኝ አያውቁም።»

«ሲነሣ አታውቂውም። ወደቡ የሚሄድ፣ አንቺ የቆምሽ ነው የሚመስልሽ።»

«አያንገዳግድም?»

«መጀመሪያ ትንሽ። ከዚያ እንቅልፍ ያመጣል። ሁሉም የሚተኛው ያኔ ነው። ስትሳፈሪ እንዳትደነግጪ።»

ወደ እኔ ዞረች። «እሸቴስ?»

አድሚራሉ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ሸኚም እኮ ይወጣል። ክፍልሽ ድረስ ይገባል፤ ዕቃሽን ያስቀምጣል፤ አልጋሽ ላይ ይቀመጣል። ደወል ሲደወል ነው የሚወርደው። ሳይደወል የሚያስወርደው የለም።»

«አንተ ያልተጻፈ ነገር አታምንም» አለችኝ። «እውነት ነው?»

«ተጽፏል» አልሁ። «መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። አይቸዋለሁ።»

እጄን ያዘችና ተኛች። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። አሥራ ዘጠኙንም ቀን አንሶላው ተለውጧል። ግንቦት ፩ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አረፈች፤ ሰዓቱን የመዘገብሁት እኔ ነኝ። ሰዎች ገብተው ሲያነሡኝ እንቢ አልሁ። ከጠርዙ የተነሣሁት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ነው።

በክረምቱ መጀመሪያ ፋይል ይዤ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ፣ ክቡርነታቸው ታከለ ለሚባል የስማዳ ጎረምሳ መሰላሉን እያስወጡት ነበር። ታከለ ኮቴንና ፋይሌን አየና፣ «ጌታው፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለኝ። «እኒህ ሰውዬ የሚሉት እውነት ነው?»

ካውያው ሸሚዙ ላይ ቆመ። ትንሽ ቢቆይ ያቃጥለው ነበር።

«ደርቡ ዘጠኝ ነው» አልሁት። «ሌላው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ሰው ሸኝቻለሁ።»