የፓውዛዬና የኔፕቱን ነገር

ሰው ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ በሩ ላይ ፓውዛ የሚሰቅለው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሌባ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ሌባማ ብርሃኑ ሥራውን ያቀልለታል። የሚሰቀለው ጎረቤት እንዲያየው ነው። እኔም እዚህ ኮልፌ የሰቀልኩት ፓውዛ ታክሲ ፌርማታው ድረስ ያበራል። በሱ ብርሃን ምስር የሚለቅሙ ሰዎች አሉ ሲሉኝ ያልሰማሁ መስዬ በደስታ ሰነበትኩ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ኩራቴ ግን ተመርቋል።

ታዲያ ልጄ ሰናይት፣ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ከሰው እጅ ቴሌስኮፕ አግኝታ ግቢዬ ውስጥ ተከለችው። ሳተርንን ከነቀለበቱ አሳየችኝ፤ "ደህና ነው፣ ያገባ ይመስላል" አልኳት። እሷን ያንገበገባት ግን ኔፕቱን የሚሉት ነው፤ ከፀሐይ ቤተሰብ ተነጥሎ ዳር ላይ የሚኖር፣ በባዶ ዓይን የማይታይ። ሦስት ዓመት ሙሉ መስቀል አልፎ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ትፈልገዋለች፤ ታጣዋለች። ዘንድሮ ጭራሽ ፊቷ ጠቁሮ፣ "እማዬ፣ በዚህ ሳምንት ጨረቃ ሳትመለስ ካላገኘሁት በቃኝ፤ ቴሌስኮፑን ለሚችልበት ሰው እሰጠዋለሁ" አለች። ይህቺ ልጅ አባቷ ሲሞት እንኳ በቃኝ አላለችም። ደነገጥኩ።

"ምንድነው ያስቸገረሽ?"

"ብርሃን ነው" አለች፣ አቀርቅራ።

ብርሃን ያበዛብን ማን እንደሆነ ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገኝም። ጎረቤታችን ቆርቆሮ ነጋዴው ጋሽ ሳህሌ አሉ። አጥራቸውን አስረዝመው የከሰዓት ፀሐዬን ከጋረዱብኝ ወዲህ በደህና ተነጋግረን አናውቅም። በራቸው ላይ አንዲት አምፖል አለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩና በራቸውን ደበደብኩ።

"ጋሽ ሳህሌ፣ መብራትዎን ያጥፉ! ልጄ ሰማይ እያየች ነው።"

ሰውየው ወዲያው አጠፉ። አምፖሏ ጠፋች፤ እኛ ግን ቆመን እንደ ቀትር እንተያያለን። የሸሚዛቸው ቁልፍ ሳይቀር ይታየኛል። ጋሽ ሳህሌ ቀስ ብለው ቀና አሉና ፓውዛዬን ተመለከቱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሼ ሰናይትን "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት፣ "አንቺን ማን ደፍሮ?" አለችኝ።

ፓውዛዬን አጠፋሁት። ሰፈሩ ጥቁር ሲሆን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ጣራችን ላይ የተቀመጠ መሰለ። ሰናይት ቴሌስኮፑ ላይ ተደፋች። ስልኳ ላይ ካለው የሰማይ ካርታ ጋር ታስተያያለች፤ መልሳ ትደፋለች። ከዚያ እንደ ሕፃን ጮኸች። "አገኘሁት! እማዬ፣ አገኘሁት!"

ተራዬ ደርሶ ብጠጋ ባዶ ጨለማ። "ቀጥታ አትዪው" አለችኝ፤ "ደብዛዛ ነገር ፊት ለፊት ሲያዩት ይሸሻል። ወደ ጎን ተመልከቺና በዓይንሽ ጠርዝ ያዢው።" በጎን? እሱማ የዕድሜ ልክ ሙያዬ ነው! ሽንኩርት ላስወደደብኝ ባለሱቅ፣ ተጋፍታኝ ታክሲ ለገባች ሴት የማወጣውን ዓይን አውጥቼ ኔፕቱንን ገላመጥኩት። ብቅ አለ። ከጤፍ ቅንጣት ያነሰች፣ ሰማያዊ ቢጤ ነጥብ። ለዚህ ነው ሰፈር ያጨለምነው?

ጩኸቱን ሰምተው ጋሽ ሳህሌም "ተገኘ እንዴ?" እያሉ መጡ። ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ ቢያዩ፣ አልታይ አላቸው። እሳቸው ሰውን ሁሉ ፊት ለፊት ነው የሚያዩት፤ ሌላ አልለመዱም።

"ይገላምጡት!" አልኳቸው።

"ምን በደለኝና?"

"በደል አያስፈልገውም! እኔ ሁልጊዜ እርስዎን እንደምገላምጥዎት አድርገው ይገላምጡት።"

ሰናይት ሳቋን ዋጠች። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ጎን መለስ አደረጉና ብዙ ቆዩ።

"አየሁት" አሉ በመጨረሻ። ከዚያም ከቴሌስኮፑ ቀና ሳይሉ፣ "እትዬ አስካለ፣ ለካ ከእርስዎ ይህን ያህል ሩቅ ኖሬያለሁ?" አሉኝ።

ፊቴን የሚያሳይ መብራት ባለመኖሩ ተመስገን ብዬ፣ ወንበር ላምጣልዎት እያልኩ በዳበሳ ወደ ቤት ገባሁ።