ለአንድ ትከሻ የተደረገ ጥንቃቄ

ክልላችን ራሱን በራሱ ማስተዳደር በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገው አንድ ቢሮ ለሰው ልጅ ትከሻ የዋለው ውለታ ተረስቶ እንዳይቀር ይህ ተጻፈ።

ነገሩ የጀመረው በጉማሬ ነው። ከኢታንግ ወረድ ብሎ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ አንድ ጉማሬ ከውሃው እየወጣ አኬሎ የምትባል ገበሬ ያመረተችውን በቆሎ አብዛኛውን በላው። የተረፈውን ተሽቀዳድማ ሰበሰበችና ፈልፍላ ሁለት ጆንያ ሞላች። አራት ልጆቿ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚበሉት እሱን ነው። ጉማሬው በበኩሉ ወደ ማሽላዋ ዞረ።

ቢሮው የአደን ጠመንጃ አለው። ሆኖም ኃላፊው አቶ ይግዛው ባለፈው ዓመት ለሙከራ ሲተኩሱ ጠመንጃው ትከሻቸውን መትቶ በጀርባቸው ዘርግቷቸዋል። በዚህ አሳሳቢ ጉዳይ ላይ ስድስት ስብሰባ ተደርጎ የብረት ማስደገፊያ ከውጭ አገር መጣ። ጠመንጃው ላዩ ላይ ይጋደማል፤ ከሥሩ ከባድ ነገር ይጫንበታል፤ ግፊቱን ክብደቱ ይቀበላል፤ ትከሻ ያርፋል።

ቡድኑ አንድ ማለዳ፣ ጉማሬው ገና ማሽላው ውስጥ ሳለ፣ ማሳው ደረሰ። ኦቻንግ የሚባሉት የመንደሩ ሽማግሌ አዳኝ ማስደገፊያውን ዞረው አዩት።

«እኔ ያለዚህ ልተኩስ። ትከሻዬ ለምዷል።»

«የእርስዎ ትከሻ በዕቅዱ አልተካተተም» አሉ አቶ ይግዛው። «የሚያስፈልገን ክብደት ነው።»

«አሸዋ ይኸው። ወንዙ ዳር ሁሉ አሸዋ ነው።»

«አሸዋ የሌላ ቢሮ ነው፤ ያለ ደብዳቤ አንነካም። በቆሎ ግን በእኛ ሥር ነው።»

ሁለቱ ጆንያዎች ከጎጆው ወጡ።

«የልጆቼ ምግብ ነው» አለች አኬሎ።

«ለአንቺው ነው፣ እህቴ።»

ተተኮሰ። ጉማሬው ቀና ብሎ እንግዶቹን ተመለከተ፤ ከዚያ የያዘውን ማሽላ እያኘከ ቀስ ብሎ ወደ ውሃው ገባ። አቶ ይግዛው ትከሻቸውን ዳበሱ። ደህና ነው። አጃቢዎቻቸው አጨበጨቡ።

«በዛሬው ዘመቻ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አንዳችም ጉዳት አልደረሰም።»

ጉማሬውን ጨምሮ ማለታቸው ነው።

መመሪያው ማስደገፊያው ከነክብደቱ እንዲመለስ ስለሚያዝ፣ ጆንያዎቹ መኪናው ላይ ተጫኑ። አቶ ይግዛው በመስኮት ብቅ አሉ።

«አይዞሽ። ጉማሬው እስኪወገድ ድረስ በየሳምንቱ እንመጣለን።»

አኬሎ ወንዙን አየች። ቀጥላ መኪናውን አየች።

«አትምጡ» አለች። «እሱ ሲጠግብ ይሄዳል። ጆንያም ይዞ አይሄድም።»