ጋሽ ጎይቶም የማያውቁት ፊልም

አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ቤት የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ የጋራ በሽታ አለበት፤ የፊልሙን መጨረሻ ሳይናገር ካሴቱን ከእጁ አይለቅም። የአንዳንዱ ሕመም ቀላል ነው፤ ማን ማንን እንደሚያገባ ተናግሮ ይወጣለታል። በቂርቆሱ ጋሽ ጎይቶም ላይ ግን ጠንቷል።

ክቡርነታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው በካሴት ተከበው ይውላሉ። ደንበኛ አንዱን መዘዝ ሲያደርግ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና፣ "ልነግርህ አይደለም፣ ብቻ ወንድምየውን ልብ ብለህ እየው" ይላሉ። አለቀ። ገዳዩ ወንድምየው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ማፍጠጥ ምን ይባላል?

ካዛንቺስ ባለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመዘግብ የሚውለው ታዲዎስ፣ አሥር ዓመት ሙሉ የኚህ ሰው ደንበኛ ነው። በሥራው ላይ ያልታወቀ ነገር የለም፤ ደብዳቤ ይገባል፣ ደብዳቤ ይወጣል። ስለዚህ ከኑሮው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጨረሻውን የማያውቀውን አንድ ፊልም ቁጭ ብሎ ማየት። ለምኖ አይቷል። "እባክዎን ጋሽ ጎይቶም፣ ዛሬ እንኳ ምንም አይንገሩኝ" ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ቅር ብሏቸው፣ መቼ ተናግረው እንደሚያውቁ ጠየቁትና ካሴቱን ሲያቀብሉት፣ "ብቻ ውሻውን ብዙ አትውደደው" አሉት።

አንድ ጊዜ ብልጥ የሆነ መስሎት ኦሎምፒያ ሄዶ ተከራየ። ካሴቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ከጎኑ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ጋሽ ጎይቶም ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው አዩና፣ ባልየው ሚስቱን እንዴት እንደከዳት እስኪወርዱ ድረስ ተረኩለት። ሁለት ተሳፋሪዎች መውረጃቸው አለፋቸው። ወያላው ሳይቀር በሩን ይዞ "ከዚያስ?" ይል ነበር። ታዲዎስ በዚያ ሳምንት ከሰው ጋር ሳይነጋገር ሰነበተ።

በዘጠና አምስት ሰዉ ፊቱን ወደ ሲዲ አዞረና ጋሽ ጎይቶም መደርደሪያቸውን ማራገፍ ጀመሩ። አንድ ዓርብ ታዲዎስ ከታችኛው ረድፍ፣ ከአቧራው ሥር፣ ሽፋን የሌለው ካሴት አገኘ። በቀይ እስክሪብቶ "አስፈሪ" ተብሎ ተጽፎበታል። ሌላ ምንም የለበትም። ጋሽ ጎይቶም ሲያዩት መነጽራቸው ከአፍንጫቸው አልተነሳም። ድሮ የተሠራ መሆኑን፣ ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ፣ ሌላ ቢወስድ እንደሚሻለው ነገሩት። ታዲዎስ "ልነግርህ አይደለም" እስኪሉት ጠበቀ። አላሉትም። ሰውየው ፊልሙን አያውቁትም ማለት ነው። እልል ሊል ምንም አልቀረው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ከሚስቱ ከልዩ ጋር መጋረጃውን ዘግተው ተቀመጡ። ነገሩ የሚሆነው ከውጭ በተቆለፈ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፊቱን በአቡጀዲ የጠቀለለ ሰውዬ ረጅም መቀስ ይዞ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ እያደነ ይገድላል። ገና በአሥረኛው ደቂቃ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ሸሽታ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ፊልሙ እሷን ትቶ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ደም እምብዛም አይታይም። የሚሰማው መቀሱ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። የማይሞተው አክተር የቱ እንደሆነ ልዩ ስትጠይቀው ታዲዎስ መልከ መልካሙን አሳያት፤ ሞተ። ጺማሙን አሳያት፤ እሱም ሞተ። ታዲዎስ ጭንብል ለባሽ ገዳይ በየፊልሙ አይቷል፤ ሁሉም የዚህ ሰውዬ ልጆች መሆናቸው የገባው ገና ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ሰውየው ወደ ቁም ሳጥኑ ተመልሶ መጣ፤ በሩን ከፈተ። ቀይ ሹራቡ ብቻ ወለሉ ላይ ቀረ። አንድም ሰው አልተረፈም። ሁለተኛ አስፈሪ ፊልም እንደማታይ ልዩ ምላ ተነሳች። ታዲዎስ ግን ልቡ እየመታ፣ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ ካሴቱን ባንኮኒው ላይ አኖረና ሲለማመድ የዋለውን ተናገረ። "ልነግርዎት አይደለም፣ ጋሽ ጎይቶም። ብቻ የቁም ሳጥኑን ነገር ልብ ብለው ይዩት።"

ጋሽ ጎይቶም አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

"ሰማንያ አራት ላይ፣ ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን ጀምሬው ነበር" አሉ። "ልጅቷ እዚያ ስትገባ አጠፋሁት። አልቻልኩም በቃ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳላዘጋጅ ካሴት ሰጥቼ አላውቅም።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ። ወጣች?"

ታዲዎስ ያ ሁሉ ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀም። አሳዘኑት። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"ወጣች። ሰውየው ዞር ሲል በመስኮት ዘለለች። ንጋት ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ አግኝቶ ወሰዳት።"

"ብርድ ነው አገሩ። ሹራቧን ለብሳለች?"

"ለብሳለች።"

ጋሽ ጎይቶም በረጅሙ ተነፈሱና ካሴቱን ወደ መደርደሪያው ሊመልሱ እጃቸውን ዘረጉ። ታዲዎስ ቀደማቸው። ነገ አንዱ ወሬኛ ተከራይቶት እውነቱን ቢዘረግፍላቸውስ? ልዩ በጣም ስለወደደችው ደግማ ማየት ፈልጋለች ብሎ ዋሸና ካሴቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እስከ ዛሬ አልመለሰውም።